የሞክሼዎች ታላቅ

ስሜን እዚህ አልጽፈውም። ብጽፈው አንኮበር ያለ ሰው ሁሉ ስለ ማን እንደማወራ ወዲያው ያውቃል፤ እኔ ደግሞ እስካሁን ያደረስኩባት ይበቃታል።

ይህን ያህል ልበል፤ ስሜ ትልቅ ስም ነው። አንኮበር ውስጥ ትምህርት ቤት ይጠራበታል። መዘዞ አጠገብ በበጎቿ የታወቀች አንዲት መንደር ስሟ ስሜ ነው። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ በሚያወርደው መንገድ ላይ፣ የድሮ ነጋዴ ጭነቱን አራግፎ አጋሰሱን የሚያሳርፍበት ሜዳ እስካሁን በስሜ ነው የሚታወቀው። ከቁልቁለቱ ሥር ጠበል አለ፤ እሱም በስሜ ነው። የወገብ ሕመም ይፈውሳል ይባላል፣ የእኔን ግን አልነካውም። ደብረ ብርሃን ውስጥ እንኳ ብርድ ልብሱ የማያሞቅ አንድ ሆቴል ስሜን በመብራት ጽፎ ሰቅሎታል። አንድ ጊዜ አድሬበት ጠዋት ላይ ስሜን ላስመልስ ምንም አልቀረኝም።

ሰዎቹማ ጉድ ናቸው። ከድሮዎቹ የሸዋ ወይዛዝርት አንዷ፣ ባሏ ዘመቻ በወጣ ቁጥር አንኮበር ተቀምጣ አገር ስታስተዳድር የኖረችው፣ ሞክሼዬ ናት። ዋሻ ፈልፍላ ገዳም ያቆመችው መነኩሲት ሞክሼዬ ናት። በጠላት ጊዜ ጠመንጃ አንግታ ገደል ለገደል ስትዋጋ ቆይታ፣ ኒሻን ልትሸለም ስትጠራ "ላሞቼን ማን ሊያልብልኝ?" ብላ የቀረችው አርበኛ ሞክሼዬ ናት። አባቴ ይህን ሁሉ እያወራ ነው ያሳደገኝ። "ስምን መልአክ ያወጣዋል" ይል ነበር፣ መልአኩ እሱ ራሱ የሆነ ይመስል። እኔም አምኜው አደግሁ። ታሪክ አስተማሪ ሆኜ ያ በስሜ የሚጠራው ትምህርት ቤት ስመደብማ፣ መልአኩ በደንብ የሠራበት ነገር መሰለኝ። ያቺ ወይዘሮ የምትነሳበት ምዕራፍ ላይ ስደርስ ጉሮሮዬን ስጠራርግ ተማሪዎቼ ይሳሳቁብኝ ነበር። ይሳቁ። እኔ ግን ቀጥ ብዬ ነበር የማስተምረው።

ሞክሼ የሆነ ሰው ሞክሼውን በስሙ አይጠራም። "ሞክሼ" ይለዋል፤ በቃ፣ ከዚያ ወዲያ የማይተዋወቁትም ይሳሳቃሉ፣ ይጠያየቃሉ፣ ግማሽ ዘመድ ይሆናሉ። እኔ ይህን ነገር ስወደው ልክ የለኝም። ሚኒባስ ውስጥ ስሜን የሚጋራ ሰው ካጋጠመኝ ደነባ ድረስም ቢሆን እያወራሁ እሄዳለሁ።

ጡረታ ወጥቼ ደብረ ብርሃን ልጄ ዘንድ ከገባሁ በኋላ፣ የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ደወለልኝ። በፊት ተማሪዬ ነበር፤ ካልኩሌተር ሲሰርቅ ይዤው የማላውቅ ጨዋ ልጅ። ትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓሉን ሊያከብር ነው፣ አንድ ሐሳብ መጥቶልኛል አለኝ። ስሙን በታሪክ ውስጥ የተሸከሙትን ሰዎችና ቦታዎች ሁሉ አሰባስበን በመጽሔት እናውጣ፤ በሕይወት ያሉትን የወረዳችንን ሞክሼዎች ደግሞ ጠርተን ፊት ወንበር ላይ እናስቀምጥ፤ በዕድሜ ታላቋ መርቃ ድፎውን ትቁረስ። ይህን ሥራ ከእርስዎ በቀር የሚሠራው የለም ሲለኝ፣ ስልኩን ሳልዘጋ ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር እየጎተትኩ ነበር።

አንኮበር እህቴ ቤት አረፍኩ፤ አንድ ወር ሙሉ ስዞር ከረምኩ። መዘዞ ወጥቼ የዚያችን መንደር ሽማግሌዎች ስማቸው ከየት እንደመጣ ጠየቅኋቸው፤ ሁለቱ ሁለት ዓይነት ታሪክ ነገሩኝና እዚያው ተጣሉ። አልዩ አምባ ወርጄ ጨርቅ የምትነግድ አንዲት ሙስሊም ሞክሼ አገኘሁ። አርባ ዓመት ቢሆናት ነው፣ ሳቂታ፤ "አልሐምዱሊላህ፣ የደጋ ሞክሼ አገኘሁ" ብላ አቀፈችኝ። እመጣለሁ አለች። ለበዓሉ የተቋቋመው ኮሚቴያችን እሷ የምትበላውን ነገር ሦስት ጊዜ ተሰብስቦ መከረበት፤ የሚያበስልላት ሙስሊም ተፈለገ፣ ድስቱ ለብቻው፣ ሳህኑ ለብቻው ሆነ። ደግ አደረጉ። ሰው ማክበር እንደምናውቅ ለመናገር ነው ይህን የማነሳው፤ ስንፈልግ እናውቅበታለን።

በሕይወት ያሉትን ሁሉ ለማግኘት ቀበሌዎቹን ዝርዝር ጠየቅን። የአንደኛው ቀበሌ ጸሐፊ አትሞ በላከልን ወረቀት ላይ ከሁሉ ታላቅ የሆነች ሴት ወጣች፤ ሰማንያን ያለፈች፣ ስሟ እስከ አያቷ የተጻፈ፣ ሥራ በሚለው ቦታ "የቤት እመቤት" ተብላለች። ከኮሚቴው አንድም ሰው አላወቃትም። አራት ነበርን፤ ርዕሰ መምህሩ፣ የወላጆች ተወካይ ሆና ድፎውን የምታስጋግር አንዲት ነገረኛ ሴት፣ የደብሩ ቄስና እኔ። ተወካይዋ ሰማንያ ዓመት ሙሉ እዚህ ኖራ እኔ የማላውቃት ሴት የለችም አለች። ቄሱ የአያቷን ስም ደጋግመው አንብበው፣ ይህ ስም የቤተ መንግሥት ሰዎች ስም ነው፣ ላይኛው ሰፈር ቤት ዘግተው የሚኖሩ የድሮ ባላባት ዘሮች አሉ፣ ከእነዚያ ትሆናለች አሉ። እኔ ታሪክ አዋቂዋ ደግሞ አዎ፣ ያ አያት ቀኛዝማች ሳይሆን አይቀርም አልኩ። ከየት አመጣሁት? ከሆዴ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ያች ያላየናት ሴት የነገሥታት ዘር ሆና አረፈችው። ተወካይዋ ለቆረሳው ቢላዋ እጀታ ጥለት አሰፋችለት። መጥሪያውን በወፍራም ወረቀት አሳትመን፣ "ክብርት ወይዘሮ" ብለን፣ ማኅተም ረግጠን በቀበሌው ተላላኪ ላክንላት።

በማግስቱ ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ ለበዓሉ ዐውደ ርእይ ፎቶ ስለጥፍ በሩ ላይ ሰው ቆመ። ቀና ስል ሸክላ ሠሪዋ ናት። ሠላሳ ዓመት ከእጇ ድስት የገዛሁ፣ ጋን የገዛሁ፣ ዋጋ ቀንሺ ብዬ የተጨቃጨቅኩ ሴት።

ለማያውቅ ልንገር። እኛ ዘንድ ሸክላ የሚሠራና ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ጠይብ ይባላል። ጠይብ ደግሞ ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ሰው ይበላል ይባላል። ማን አየ? ማንም አላየ። ግን ሸክላ ሠሪዋ ስታልፍ እናቶች ልጆቻቸውን በነጠላ ይከልላሉ። በድስቷ ወጥ ሠርተን ጣታችንን እንልሳለን፣ ከእጇ ግን ውሃ አንቀበልም። ይህ የድሮ ወሬ አይደለም፤ ኪሱ ሁሉ ስልክ በሆነበት በዛሬው ቀን ነው የማወራው። እኔ ደግሞ የተማርኩ ሰው ነኝ። "ጎጂ ልማድ" ብዬ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስተምሬበታለሁ። ፈተና ላይ ሳይቀር አውጥቼዋለሁ፤ ያልመለሰውን ጥያለሁ።

"ዛሬ ምንም አልገዛም፣ ሂጂ" አልኳት፣ አፏን ሳትከፍት። እናቴን የምታክል ሴት አንቺ ነበር የምላት፤ ከዚያ ቀን በፊት ይህ ነገር ትዝም ብሎኝ አያውቅም።

ከብብቷ ፌስታል አወጣች። ፌስታሉን ፈታ ያን ወፍራም መጥሪያ በሁለት እጇ ዘረጋችልኝ።

"እትዬ፣ ይቺ ወረቀት ተሳስታ መጥታ እንደሆነ ብዬ ነው።"

አነበብኩት፤ ራሴ የጻፍኩትን ነገር እንዳዲስ አነበብኩት። ይህ ያንቺ ስም ነው ወይ ስላት አዎ አለች። ወይ ጉድ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ። ከተማው ሁሉ "ሸክላ ሠሪዋ" ነው የሚላት፤ ከኋላዋ ደግሞ "ጠይቧ"። ስም እንዳላት ማን አስቦ ያውቃል? ሞክሼ መሆናችንን ታውቂ ነበር ወይ አልኳት። ገና የመጣሁ ዓመት፣ ተማሪዎች ገበያ መሐል ስሜን ጠርተው ሲያስቆሙኝ ሰምታ እንዳወቀች ነገረችኝ።

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ምን ብዬ ልንገርዎት?"

ወንበር ሳብኩላትና ቁጭ በይ አልኳት፤ እስክትቀመጥ ብዙ ለመንኳት። ነገሩን ሁሉ አስረዳኋት፤ ታላቋ አንቺ ነሽ፣ መርቀሽ ድፎውን የምትቆርሺው አንቺ ነሽ አልኳት። ደነገጠች። ዳቦው ይቅርብኝ፣ እሱን ሌላ ሰው ይቁረሰው አለች። ከዚያ ወለሉን እያየች ጠየቀችኝ።

"ስሜ ግን ይጠራል?"

"በማይክራፎን ነዋ!"

"እናቴ ከሞተች ወዲህ ስሜን የጠራው ሰው የለም። ባሌም አንቺ እንዳለኝ ነው የሞተው። እሱ ብቻ ይበቃኛል፣ እትዬ። ዳቦው ይቅር።"

አይሆንም፣ ስምሽም ይጠራል፣ ዳቦውንም አንቺ ትቆርሻለሽ፣ ማን ምን ያመጣል አልኳት። ማልኩላት፤ በልጄ ማልኩላት። በዚያች ሰዓት ራሴን እንዴት እንደወደድኩት! ያቺ አርበኛ እንኳ እንደኔ ያለ ወኔ አልነበራትም። ሞክሼዬ ለመሄድ ስትነሳ እጇን ልጨብጣት አስቤ ነበር፣ ግን እጄን ሙጫ ነክቶት ነበርና ተውኩት።

ኮሚቴው ሲሰበሰብ እየሳቅኩ ነገርኳቸው። ቀኛዝማቹን አገኘነው፣ ሸክላ ሠሪዋ ናት አልኳቸው። ማንም አልሳቀም። ርዕሰ መምህሩ፣ ቲቸር ይቀልዳሉ እንዴ አለኝ። እንደማልቀልድ ሲገባው ፊቱ ጠቆረ። ከዞን እንግዳ ይመጣል፣ ካሜራ ይመጣል፣ ሕዝቡ ድፎውን ትቶ ቢበተን ማን ይጠየቅበታል አለ። ቄሱ በእግዚአብሔር ፊት ሁሉም እኩል መሆኑን አስረዱን፤ ቀጥለው ግን የደካሞችን ኅሊና ማሰናከል ደግ እንዳልሆነ አስረዱን። ተወካይዋ ጥለት ያሰፋችለትን ቢላዋ ጠረጴዛው ላይ ወርወር አደረገችው።

"አንድ ኩንታል ዱቄት አቡክቼ ለውሻ ልስጠው? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ሂጂና መጥሪያውን ተቀብለሻት ነይ።"

ተከራከርኩ። ለምን ያህል ጊዜ እንደተከራከርኩ ልናገር፤ ሻይ እስኪቀርብ ድረስ። ሻዩ ሲቀርብ ርዕሰ መምህሩ መላ አመጣ። መጽሔቱ ታትሟል፣ ስሟ መጀመሪያ ላይ አለ፣ ማውጣት አይቻልም። ስለዚህ ስሟ ይነበብ፤ ከዚያ በእርጅና ምክንያት አልተገኙም ይባል። እሷን ቀድሞ ሄዶ አትምጪ የሚል ሰው ይላክ። ድፎውን ደግሞ ከሷ ቀጥላ ታላቅ የሆነችው ትቁረስ። ከሷ ቀጥላ ታላቅ የሆነችው ማን ናት? ዝርዝሩ ወጣ። እኔ ነኝ።

ልዋሽ? ደስ አለኝ። ያፈርኩም አፍሬ ነበር፣ ግን ከሐፍረቱ ሥር ደስታው ነበረ፣ አውቀው ነበር። አባቴ ቢያየኝ አልኩ በሆዴ። ማን ሄዶ ይንገራት ሲባል ሁሉም ወደኔ ዞሩ፤ እኔ እሄዳለሁ አልኩ።

አልሄድኩም። የመጀመሪያው ቀን ጉም ነበር፣ ቁልቁለቱ አይታይም፣ ወገቤ ደግሞ እንደምታውቁት ነው። በሁለተኛው ቀን ጉሙ ተገፈፈ፤ ያን ቀን ፎቶ መስቀል ነበረብኝ። በሦስተኛው ቀን፣ ሰምታ ይሆናል፣ አትመጣም አልኩ። ሰው ማድረግ የማይፈልገውን ነገር ለመተው የሚያገኘው ምክንያት መቼም አያልቅበትም።

በበዓሉ ቀን ከሁሉ ቀድማ መጣች። ነጭ ቀሚስ ለብሳለች፤ ታጥቦ፣ ታጥቦ የሳሳ። ነጠላዋ ግን አዲስ ነው፣ የልጇ ይሆናል። የበሩ ዘበኛ ሊመልሳት ሲል መጥሪያውን ከፌስታሉ አውጥታ አሳየችው፤ ማኅተሙን አይቶ ምን ያድርግ፣ አሳለፋት። ፊት ወደ ተደረደሩት የሞክሼዎች ወንበሮች አልሄደችም። ከድንኳኑ መጨረሻ ከነበረው ረጅም አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አግዳሚው ላይ ሰባት ስምንት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ፀሐይ መጣብኝ እንዳለ ሰው ተነሳ። ሁለት ሴቶች ተከተሉት። ከዚያ ሌሎቹ። መድረኩ ላይ ማይክራፎን ይዤ ቆሜ ይህን ሁሉ አያለሁ፤ መጨረሻ ላይ ያን የሚያህል አግዳሚ ብቻዋን ቀረች። መጥሪያውን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ወደኔ ታያለች።

ማንበብ ጀመርኩ። ወይዘሮዋን ጠራሁ፤ ተጨበጨበ። መነኩሲቷን ጠራሁ፣ አርበኛዋን ጠራሁ፤ እልልታው ድንኳኑን ነቀነቀው። መንደሪቱን፣ የነጋዴዎቹን ሜዳ፣ ጠበሉን ጠራሁ። ድንጋይና ውሃ ሳይቀር በስማቸው ተጨበጨበላቸው። ከዚያ በሕይወት ያሉት ሞክሼዎች ተራ ደረሰ። የዞኑ እንግዶች መጽሔቱን ገልጠው በጣታቸው እየተከተሉኝ ነው፤ መዝለል አልቻልኩም። ብዘላት ኖሮ ይሻላት ነበር።

ስሟን ከነአባቷ፣ ከነአያቷ ጠራሁት፤ ጥርት አድርጌ፣ እንደ አስተማሪ።

"አቤት" አለች።

ቆማ ነበር። ሁለት እጇን ወደ ፊት አጣምራ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ ተጠርቶ እንደተነሳ ተማሪ ቆማ ነበር። እኔም ዓይኔን በጨው ታጥቤ፣ እሷን እያየኋት ቀጠልኩ።

"በእርጅና ምክንያት ዛሬ በመካከላችን ሊገኙ አልቻሉም።"

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱ ያልኳት እዚያ ላይ ነው።

ያልሰማሁ መሰላት። ድምጿን ትንሽ ከፍ አድርጋ "አቤት፣ አለሁ" አለች። አጠገቧ የነበሩት ሰሙ፤ አንድም ሰው ግን ዞር አላለም። ሁሉም ልክ እንደኔ ወደ ፊት ነበር የሚያየው። ርዕሰ መምህሩ ለከበሮው ምልክት ሰጠ፣ ተወካይዋ እልልታውን አነሳችው፣ ድፎው በኮባው እንዳለ ፊቴ ቀረበ። መረቅሁ። ስማችንን ያስጠራው፣ ስም አይጠሬ አያድርገን ብዬ መረቅሁ፤ ሕዝቡም አሜን አለ። ቆረስኩ። ድፎው በጣም ጥሩ ድፎ ነበር፤ ለውሻ የተረፈ ነገር አልነበረም። ለታላቋ ሞክሼ የተዘጋጀውን ጋቢ ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝ። ቀና ስል አግዳሚው ባዶ ሆኗል።

የአልዩ አምባዋ ሞክሼዬ ሳህኗን ይዛ አጠገቤ መጣች።

"ሞክሼ፣ ያቺ ከኋላ አቤት ያለችው አሮጊት ማን ናት?"

"እብድ ናት" አልኳት።

"አላህ ይማራት" አለች፣ አዝና ከልቧ።

ደብረ ብርሃን ተመለስኩ። መጽሔቱን ያየ ሁሉ አመሰገነኝ፤ ልጄ ጋቢውን አይታ ሥራው ያምራል አለችኝ። እኔ ግን ጋቢውን ለብሼው አላውቅም። በየሄድኩበት ሰው "አቤት" ሲል እደነግጣለሁ፤ ሱቅ ውስጥ፣ ታክሲ ውስጥ፣ አቤት የማይባልበት ቦታ የለም። ሦስተኛው ሳምንት ላይ እንግዲህ የመጣው ይምጣ ብዬ ጋቢውንና አንድ መጽሔት ቋጥሬ አንኮበር ወጣሁ። ከከተማው በታች ወዳለው ሰፈራቸው እየተንሸራተትኩ ወረድኩ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ እዚያ ወርጄ አላውቅም ነበር።

ደጇ ላይ ተቀምጣ የድስት አፍ ታስተካክላለች። ስታየኝ ተነሳች። አይነሱ፣ እባክዎ አይነሱ አልኳት። እጇን በደንብ ታጥባ፣ በርጩማ በነጠላዋ ጠርጋ አስቀመጠችኝ። ልጇ ሰላም ብላኝ እንስራዋን አዝላ ውሃ ልትቀዳ ወረደች፤ ሁለታችን ብቻ ቀረን።

አለቀስኩ። ማልቀስ አላሰብኩም ነበር፣ አለቀስኩ። ሁሉንም ዘረገፍኩላት፤ ርዕሰ መምህሩ ያለውን፣ ቄሱ ያሉትን፣ ተወካይዋ ያለችውን፣ ከዞን የመጡትን፣ ካሜራውን። እብድ ናት ማለቴን ብቻ አልነገርኳትም። እኔ ልቤ ንጹሕ ነው፣ እኔ እንደነሱ አይደለሁም፣ ብቻዬን ምን ላድርግ፣ ሕዝቡን ፈራሁ አልኳት። ይህንን ደጋግሜ ነበር የምላት። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ፊቷ ላይ ቁጣ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

"ሕዝብ ያስፈራል" አለችኝ። "እኔም ስፈራው ነው የኖርኩት።"

በቃ። ይቅር አለችኝ። እንደዚያ በቀላሉ፣ በሁለት ቃል። ጋቢውን ተቀብላ ጉልበቷ ላይ አደረገችው። መጽሔቱን ገልጬ ስሟ የታተመበትን አሳየኋት፤ ጣቷን ፊደሉ ላይ አድርጋ፣ ከየት ጀምሮ እስከየት ድረስ እንደሆነ ጠየቀችኝና አሳየኋት። ያንን ገጽ ብዙ አየችው። ሸክም ከጀርባዬ እንደወረደልኝ ተሰማኝ። ወደ ቤት ስመለስ ለእህቴ እንዴት አድርጌ እንደማወራላት እንኳ ማሰብ ጀምሬ ነበር።

ከዚያ ገባ ብላ አሹቅ ይዛ ወጣች። ተቆልቶ የተቀቀለ የጓሮዋ ባቄላ፣ ገና የሚተን። ከሳህኑ እፍኝ ሙሉ አፈሰችና በሁለት እጇ ዘረጋችልኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

"እንኪ ሞክሼ፣ ቅመሺ።"

እጇን አየሁት። ሲታጠብ አይቼዋለሁ። ንጹሕ ነው፣ ከኔ እጅ ይልቅ ንጹሕ ነው። ደጁ ላይ ማንም የለም፤ ርዕሰ መምህሩ የለም፣ ቄሱ የሉም፣ ካሜራ የለም። ተቀበላት አልኩት ለእጄ። እጄ ጭኔ ላይ ተቀምጦ ቀረ። ጥርሴን ያመኛል አልኳት። አሹቅ ደግሞ ድድ ያኝከዋል።

እሷ እፍኟን እንደዘረጋች ቆየች። ፊቴን አየችኝ፣ እጄን አየች፣ እንደገና ፊቴን አየችኝ። ፈገግታዋ ቀስ ብሎ ሄደ።

"እኔ እኮ ያን ዕለት ሰው ፈርተው መስሎኝ ነበር፣ እትዬ" አለችኝ።

ባቄላውን ወደ ሳህኑ መለሰችው። ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበችና አንድ አንድ እያነሳች ትበላ ጀመር።